የጾመኛው መንጋጋ

ቢሻው ሀብተ ማርያም ቦንጋ ውስጥ የታወቀው በጾም ነው። የሞጣ ልጅ ነበር። ወንዶ ገነት የደን ትምህርት ጨርሶ፣ ምደባው ከፋ ዞን ደርሶት፣ በ1996 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዞ ቦንጋ ገባ። ሥራው የጫካ ወሰን መለካት ነው። ከባልደረባው ከደምመላሽ ጋር ጂፒኤስና ሜትር ይዘው በማንኪራና በአካባቢው ጫካ በእግር ሲዞሩ ይውላሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገበሬዎቹ ቆጮ በጎመን ወይም እሸት በቆሎ ያቀርቡላቸዋል፤ ማር ከተቆረጠም ማር። ደምመላሽ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ቢሻው ግን ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ጾም ላይ ነኝ ይላል።

ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ማንም ባልገረመው። እሱ ግን ማክሰኞም ይጾማል፣ ቅዳሜም ይጾማል፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው በሃምሳው ቀን፣ ቄሱ ሳይቀር ሥጋ በሚበላበት ወቅት እንኳ ይጾማል። ለምን ሲሉት "የስለት ነው" ብሎ ይዘጋዋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "አባ" የሚል ስም አወጡለት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እየቆየ ቀልዱ ጠፋና ስሙ ቀረ። ጴንጤ የሆነችው ጸሐፊ እንኳ ልጇ በታመመ ቀን በጸሎትህ አስበኝ ብላዋለች።

እውነቱ ሌላ ነበር። የቢሻው የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ ወደ ፊት የወጣ ነው። አፉን ሲገጥም የሚነካኩት በስተመጨረሻ ያሉት አራት ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ የፊቶቹ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ትተው ይቀራሉ። ገምሶ መብላት አይችልም። ሥጋና ቆሎ ለእሱ እንዳልተፈጠሩ ናቸው። የጎረሰውን በምላሱ እየገፋ ወደ ኋላ ማድረስ አለበት፤ ያን ጊዜ ከንፈሩ ስለማይገጥም ምግቡም ምራቁም ይወጣል።

ወንዶ ገነት ተማሪ ሳለ የአንድ ጓደኛው የምርቃት ግብዣ ላይ አንዲት ልጅ አጎረሰችው። ትልቅ ጉርሻ ነበር። አፉ ውስጥ ማዞር አቃተውና ግማሹ እጇ ላይ ተመለሰ። ልጅቷ እጇን ጠረገችና ከጎኗ ወዳለው ሰው ዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሻው ሰው ፊት ጎርሶ አያውቅም።

ቦንጋ የተከራየው ከእትዬ አልጋነሽ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። ማታ ማታ በሩን ዘግቶ እንጀራውን በመቀስ ይቆራርጥና ወጥ ውስጥ አርሶ በማንኪያ ይበላል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል በሰማ ቁጥር ስለ እሱ የተነገረ ይመስለዋል። እትዬ አልጋነሽ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ጅማና አዋሳ የቀሩ የከፋ ሴት ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር በሩን አንኳኩተው ይጠሩት ነበር። ሦስት ዓመት ጠርተው ሦስት ዓመት ጾም ላይ ነኝ ካላቸው በኋላ ተዉት።

ያም ሆኖ ቦንጋን ይወዳት ነበር። ምክንያቱ ንግግሩ ነው። "ሰ" ሲል ምላሱ ወጥቶ ያፏጫል፤ ሞጣም ወንዶ ገነትም ሰው እየደገመ ይስቅበት ነበር። ቦንጋ ላይ ግን አማርኛ ለብዙው ሰው ከካፊኖኖ ቀጥሎ የመጣ ቋንቋ ነው፤ ሁሉም በየራሱ ቃና ይናገራል። የቢሻውንም ንግግር የጎጃም አማርኛ እንዲህ ነው ብለው ተቀበሉት። አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ የመጣ መምህር እትዬ አልጋነሽ ግቢ ቤት ሊያይ ገብቶ ሲናገር እሳቸው ሰምተው፣ ከሄደ በኋላ "ይሄ ሰውዬ ጎጃሜ አይመስልም" አሉ። ቢሻው ክፍሉ ገብቶ ብቻውን ሳቀ። የሚነግረው ሰው ቢኖር ደስ ይለው ነበር።

ጾሙ ግን ከቀልድ አለፈ። ማንኪራ ውስጥ ንብ የሚያነቡ ጋሽ አስፋው የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ሚስታቸው ወልዳ ደም አልቆም ብሏት፣ በቃሬዛ ወደ ቦንጋ ሲያወርዷት ቢሻውና ደምመላሽ መንገድ ላይ ደረሱባቸው። ጋሽ አስፋው ቃሬዛውን ለሌላ ሰው አቀበሉና ቢሻውን ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት።

"አንተ የምትጾም ሰው ነህ" አሉት። "እኔ ጸሎት አላውቅም። ለምንልኝ።"

ቢሻው አፈረ፤ ግን እምቢ ማለት አልቻለም። ከቃሬዛው ኋላ እየተራመደ፣ ልጅ ሳለ የተማረውን ውዳሴ ማርያም እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲደግም ሄደ። ሴትዮዋ ዳነች። ጋሽ አስፋው ከዚያ በኋላ ማር በቆረጡ ቁጥር በቅጠል የታሰረ የእሱን ድርሻ ይልካሉ። ማሩ ማኘክ ስለማይፈልግ ለቢሻው የተመቸ ምግብ ነበር። ያልደከመበትን የበላ ስለሚመስለው ግን አይጥመውም ነበር።

በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከአራቱ ጥርሶች አንዱ ተሰነጠቀ። ሕመሙ ሲጠናበት ወደ ሆስፒታሉ የጥርስ ክፍል ሄደ። ያየችው አሰለፈች የምትባል ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ እሱን የምታህል፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት። የታመመውን ጥርስ አይታ ጨረሰች ብሎ ሲጠብቅ ነክሰህ አሳየኝ አለችው። ነከሰ። ይሄ ነው ንክሻህ ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ወንበሯን አስጠጋች።

"ምንድን ነው የምትበላው?"

እናቱ እንኳ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ቢሻው መቀሱን፣ ማንኪያውን፣ የተዘጋውን በር፣ የውሸት ጾሙን አንድ በአንድ ነገራት። ሲናገር እንባው መጣ፤ አሰለፈች ጥጥ ሰጠችውና እስኪጨርስ ጠበቀች። ይሄ እርግማን አይደለም፣ የአጥንት እድገት ነው፣ ይስተካከላል አለችው። አስተማሪዋ የነበረ ዶክተር ሐዲስ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ክሊኒክ አለው፤ መጀመሪያ ጥርሱ በሽቦ ይታሰራል፣ ከዚያ መንጋጋው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። አጥንቱን ለመቁረጥ በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር አብረው ይሠራሉ። የዶክተር ሐዲስን ስልክ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ሰጠችው። ለሌላ ሰው ትናገሪብኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሥራዬ አይደለም አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ዶክተር ሐዲስ ነገር የማያሽሞነሙን ሽማግሌ ነበር። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየው።

"መጀመሪያ ይብስብሃል" አለው። "ጥርሶችህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ውስጥ እየተጋደሙ የመንጋጋህን ጉድለት ሲሸፍኑ ነው የኖሩት። እነሱን ቀጥ ሳናደርግ አጥንቱን አንነካም። ቀጥ ስናደርጋቸው ደግሞ የተሸፈነው ይገለጣል። ይህን ከቻልክ እንጀምር።"

እችላለሁ አለ።

ሃያ ወር ተመላለሰ። በየወሩ አንድ ዓርብ ንጋት ላይ አውቶቡስ ይይዛል፣ ማታ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ሽቦው ይጠብቃል፣ እሑድ ይመለሳል። የክፍሉ ኃላፊ ፈቃዱን ከልክሎት አያውቅም፤ ለሱባኤ ወደ ገዳም የሚሄድ ነበር የመሰለው። ቢሻውም አላረመውም። ሽቦውን ያዩ ሰዎች ሲጠይቁት የጥርስ ሕመም ነው አለና አፉን መክፈት ቀነሰ። ዶክተሩ እንዳለውም ባሰበት። አገጩ በየወሩ ወደ ፊት የሚራመድ መሰለው። "ሰ" ብቻ ሳይሆን "ዘ"ም "ፈ"ም እምቢ አሉት። ስብሰባ ላይ ሪፖርቱን ደምመላሽ እንዲያነብለት ይሰጠው ጀመር። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መስታወት አያይም።

ቀዶ ሕክምናው በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሆነ። የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ወሰደ፤ መሥሪያ ቤቱን አገሬ ልሂድ ነው አለ፣ ሞጣ ላለችው እናቱ ደግሞ የመስክ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አስነገረ። በተኛበት ሆስፒታል ዋዜማውን አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች።

"አስታማሚህ የታለ?"

"የለኝም።"

"አሁን የለም ወይስ ነገ ይመጣል?"

"የለኝም" አለ ደግሞ።

ነርሷ ቅጹን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ የዘመድ ስም በሚለው ቦታ ላይ ራሱ እንዲፈርም ፈቀደችለት። ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ ነበር፤ ከእያንዳንዱ አልጋ ስር ፔርሙዝና የአስታማሚ ምንጣፍ አለ። ከእሱ አልጋ ስር ጫማው ብቻ። ጎረቤቱ አገጩን በቅሎ የረገጠችው የሰላሌ ገበሬ ነበር። የገበሬው ሚስት ለባሏ ስትጸልይ ሰምቶ፣ እሱም ለራሱ ሊጸልይ ፈለገና ምን እንደሚል ጠፋው። ከዚያ በፊት በጾሙ ስም የጸለየው ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር።

ሲነቃ አፉ አልከፈትም አለው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በሽቦ ተሳስሯል። ፊቱ ከማበጡ የተነሣ ዓይኖቹ ጠብበዋል፤ የታችኛው ከንፈሩና አገጩ የሌላ ሰው ይመስል ደንዝዘዋል። ዶክተር ሐዲስ መጥቶ ጥሩ ሆኗል አለው። የተቆረጠው በአፍ ውስጥ ስለሆነ ውጭ ጠባሳ አይኖርም፤ አጥንቱን ትንንሽ ብረቶች ይዘውታል፤ ሽቦው ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ እስከዚያ የሚጠጣ ነገር መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ይወስዳል። ከዚያ አንዲት ትንሽ የሽቦ መቁረጫ ሰጠው። ከኪስህ እንዳትለይ፣ ካስመለሰህና አፍህ ከታሰረ ትታፈናለህ፣ እነዚህን አራት ቦታ ትቆርጣለህ ብሎ ጣቱን እያስነካ አሳየው። የገበሬው ሚስት ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ባሏን ጥላ እሱን ስትጠብቅ አደረች።

ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ አንድ አልቤርጎ ውስጥ በወተትና በአጥሚት ቆይቶ ወደ ቦንጋ ተመለሰ። ከጅማ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ሲወርድ መጠማዘዝ ይጀምራል። ሁለት ወንበር ቀደም ብሎ የተቀመጠች ሴት አስመለሳት፤ ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ጀመራቸው። ቢሻው የእሱም ተራ እንዳይደርስ ፈርቶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መቁረጫዋን አወጣ። አጠገቡ የተቀመጠው ነጋዴ ብረቱን አይቶ ሸሸት አለ። በኪሱ "አፌ ታስሯል፤ ካስመለሰኝ ሽቦውን ቁረጡልኝ" ብሎ የጻፈበት ወረቀት ነበረው። አውጥቶ ለነጋዴው ሰጠው። ነጋዴው አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወንበሩን አቋርጦ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተና፣ ሳይጠየቅ የቢሻውን ግንባር በመዳፉ ደግፎ ጎጀብ ድልድይ ድረስ ያዘው። አላስመለሰውም። ጊምቦ ላይ ነጋዴው ወረደ፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ቢሻው ማመስገን ፈልጎ ድምፁ በአፍንጫው ወጣ።

እትዬ አልጋነሽ ግቢ ሲገባ በሩ ላይ ነበሩ። ፊቱን አይተው ማን መታህ አሉት። ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ያኔ ነው ማንበብ እንደማይችሉ ያወቀው፤ አምስት ዓመት እቤታቸው ሲኖር አልጠየቃቸውም ነበር። ከንፈሩን ገልጦ ሽቦውን አሳያቸው፣ ሲሪንጁን አሳያቸው። ጠጋ ብለው ሽቦውን አዩ።

"ይህንን ሐኪም ነው የሠራህ?"

ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያ ሰው አይደለም የመታህ" አሉና ወደ ማድ ቤት ገቡ።

የተበጠበጠ የቡላ አጥሚት ይዘው መጡ። እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ወተት የገባበት። በሩን ሊዘጋ ሲል እግራቸውን አስገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቢሻው በሲሪንጅ ቀድቶ በጉንጩ ከተተ፤ ደንዛዛው ከንፈሩ ስለማይሰማው በአገጩ ላይ ወረደ። እትዬ አልጋነሽ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ሁለተኛውንም ጠረጉለት። ሰው እያየው የበላው ከወንዶ ገነት በኋላ ያን ቀን ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ እየመጡ አራት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ቡላ፣ የአጃ ሾርባ፣ በማር የተበጠበጠ ብርዝ። እሱ እንደማይመልስ ስላወቁ እትዬ አልጋነሽ አማርኛውን ተዉትና በካፊኖኖ ያወሩት ጀመር። ቢሻው የሚገባው ከአሥር ቃል አንዱ ነበር፤ የባላቸውን ስም፣ የላምን፣ የዝናብን። በካፊኖኖ ሲያወሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ የሚቸኩል፣ የሚስቅ፣ አንዳንዴም የሚያለቅስ። በአማርኛ ብቻ የሚያውቃቸው ሴት ሌላ ሰው እንደነበሩ ያኔ ገባው። ሽቦው ከተፈታ በኋላ፣ መናገር ሲጀምር፣ ወደ አማርኛቸው ተመለሱ፤ ወሬውም አብሮ አጠረ።

አፉ የተፈታው ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ጣት ብቻ ያስገባ ነበር፤ በየቀኑ እያለማመደ ከፈተው። ዳቦ በወተት፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ ድንች። ጥርሱ ከጥርሱ ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ መጀመሪያ አስፈራው። ፊቱ እብጠቱ ሲወርድ አይቶት የማያውቀው ሰው ሆኖ ወጣ። መሥሪያ ቤት ግማሾቹ ከሳህ አሉት፣ ግማሾቹ አማረብህ አሉት። አምስት ዓመት ሲያስገባው የኖረው ዘበኛ ወደ ግቢው ሲገባ ወደ ማን ነው ጌታዬ ብሎ አስቆመው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ቢሻው ደምመላሽን ምሳ ልጋብዝህ አለው። ገበያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ገቡ፤ ጥብስ አዘዘ። ቀስ ብሎ እያኘከ በላ። ደምመላሽ መብላቱን ትቶ ያየው ነበር።

"ስለቱ ደረሰ ማለት ነው?" አለው በመጨረሻ፣ ደስ ብሎት።

ቢሻው እዚያ ላይ አዎ ቢል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን አፉ ከተፈታ በኋላ አንድም ውሸት እንዳይናገር ለራሱ ቃል ገብቶ ነበርና ነገረው። ስለት እንዳልነበረ፣ ጾም እንዳልነበረ፣ በየወሩ የሄደው ገዳም እንዳልሆነ። ደምመላሽ እጁን ከትሪው አነሣ።

"አምስት ዓመት አብረን አንድ ጫካ ስንዞር፣" አለ፣ "እኔ እየበላሁ አንተ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ፣ ስንት ቀን እንዳፈርኩ ታውቃለህ? ኃጢአተኛ ነኝ እያልኩ ነበር የምበላው። ብትነግረኝ አብሬህ ፍትፍት እበላ አልነበር?"

ደምመላሽ አልተጣላውም፤ ሰላምታም አልነሣውም። ግን ለመስክ ሥራ ሌላ ሰው ጠየቀና ቢታ ገነት ወደሚሠራው ቡድን ተዛወረ። ወሬው መሥሪያ ቤቱን ሲያዳርስ "አባ" የሚለው ስም ጠፋ፤ በምትኩ ሌላ ስም አልወጣለትም። በጸሎት አስበኝ የሚለው ሰው ቀረ። ምሳ አብረን እንብላ የሚለው ግን አልመጣም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የማይበላ ሰው ነው ብለው ለምደው፣ ስድስት ሰባት እየሆኑ ወጥተው ይበላሉ፣ እሱን መጥራት ትዝ አይላቸውም። ራሱ ሄዶ አጠገባቸው እንዳይቀመጥ ደግሞ አያውቅበትም። አዲሱን ጥርሱን ይዞ በዚያው በተዘጋው ክፍል ይበላ ጀመር።

ማንኪራ ሄዶ ለጋሽ አስፋውም ነገራቸው። ቀፎ እያጠኑ ነበር፤ ሥራቸውን ሳያቆሙ ሰሙት።

"ያን ቀን ታዲያ ለሚስቴ አልለመንክም?"

"ለምኛለሁ።"

"ከልብህ?"

"ከልቤ።"

"እንግዲህ ሆድህ ባዶ ይሁን ሙሉ እኔ ምን አገባኝ" አሉትና ጭሱን ወደ ቀፎው አዞሩ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ የላኩለትን ማር መልሶ ይልክ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ መላካቸውን ተዉ።

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ወደ ሞጣ ሄደ። እናቱ ግቢ ውስጥ ቃሪያ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አየችውና "ማንን ፈልገው ነው?" አለችው፣ በአንቱታ። እኔ ነኝ እማ አላት። ድምፁን ስትሰማ ተነሣች፣ አቀፈችው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ብላ አየችው። እህቱ ህይወት ከቤት ወጥታ ስታየው በደስታ ጮኸች። እናቱ ግን አልጮኸችም። ቤት ገብታ ሳህን ታጥብ ጀመር።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከአንገቱ በላይ አላየችውም። ስታናግረው እጁን ወይም ደረቱን እያየች ነው። ህይወት ሥራ በሄደችበት ቀን ቢሻው አጠገቧ ተቀመጠና ምን አስቀየምኩሽ አላት።

"ያባትህን መንጋጋ የት ጣልከው?" አለችው።

አባቱ ሀብተ ማርያም የሞተው ቢሻው አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ያ አገጭ ከአባቱ እንደመጣ ያውቃል። አባቱ በልጆቹ ፊት አይበላም ነበር፤ ሰው ሁሉ ኩሩ ነው ይለው ነበር፤ ቢሻውም ኩራት ነው ብሎ ነበር የኖረው።

"ኩራት አልነበረም" አለች እናቱ። "እንጀራውን አስቀድሜ በጣቴ አድቅቄ ነበር የማቀርብለት። ያደቀቅኩት መሆኑን እንዳላወቀ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖርን፤ አንድ ቀን አላነሣነውም። ፎቶ ተነሣ ሲሉት እሞታለሁ እንጂ አልነሣም ይል ነበር። አልተነሣምም። ሲሞት የቀረችኝ ያቺው መንጋጋው ነበረች፣ አንተ ላይ። ትልቅ እየሆንክ ስትመጣ እሱን አይ ነበር። አሁን ማንን ልይ?"

ቢሻው መብላት አቅቶኝ ነበር ሊላት ፈለገ። ግን ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ መሆኗ ገባው። አባቱ ቢያንስ እንጀራ የሚያደቅቅለት ሰው ነበረው፤ እሱ ሞጣ ቢቀር ኖሮ ለእሱም ሳይነገራት ታደቅቅለት ነበር። ቦንጋ ሲሄድ መቀስ የገዛው እሷ ስላልነበረች ነው።

"እያመመኝ ነበር እማ" አላት ብቻ።

"አውቃለሁ" አለች። "ክፉ አደረግህ አላልኩም።"

በተመለሰበት ቀን ስንቅ ቋጥራለት እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው። ስትስመው ዓይኗን ጨፍና ነበር።

የመጨረሻው ቀጠሮው ታኅሣሥ ላይ ደረሰና ከጥርሱ ላይ የቀሩት ሽቦዎች ተነሡ። ዶክተር ሐዲስ ፋይሉን ከፍቶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተነሣቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት፤ ታካሚ ሁሉ ይህን ሲያይ ይደሰታል ብሎ ነበር። ቢሻው የመጀመሪያውን አነሣ። ከጎን የተነሣ ነው። አገጩ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ከንፈሩ ሳይገጥም፣ ዓይኑ ግድግዳ ላይ ተተክሎ። ይሄን መውሰድ እችላለሁ ወይ አለው። ሰዎች የሚጠይቁኝ የኋለኛውን ነው አለ ዶክተሩ፤ ቢሆንም አሳትሞ ሰጠው።

ፎቶውን ሰው አግኝቶ ወደ ሞጣ ላከው። ሁለት ሳምንት ምንም አልተሰማም። ከዚያ ህይወት ደውላ፣ እማ ፎቶውን ፍሬም አስገብታ ከአልጋዋ ትይዩ ሰቀለችው አለችው። ለመጣ ሰው ሁሉ ሀብተ ማርያም ነው ትላለች። አንዳንዱ የሚያውቀው ሰው እውነትም እሱ ነው ይላል። ህይወት እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ ቢሻው ግን አልሳቀም። ስልኩን ለእናታቸው ሰጠቻት።

እናቱ ስለ ፎቶው አላነሣችም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ ነገረችው። ለፋሲካ ትመጣለህ ወይ አለችው። እመጣለሁ አላት።

"ስትመጣ" አለች፣ "ዝም ብለህ እንዳትገባ። መጀመሪያ ከውጭ ጥራኝ። ድምፅህን ልስማና ከዚያ ትገባለህ።"

ለፋሲካ ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ደርሶ፣ ሻንጣውን አጥሩ ሥር አስቀምጦ ቆመ። ውስጥ የሽንኩርት መክተፊያ ድምፅ ይሰማል።

"እማ" ብሎ ጠራ።

ድምፁ ቆመ። "አቤት ልጄ" አለች እናቱ ከውስጥ፣ እንደ ድሮው ረዘም አድርጋ። ቢሻው ሻንጣውን አነሣ፤ ነገር ግን ወዲያው አልገባም። እንደገና እንድትመልስለት ፈልጎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራት።